የዕዳ ጽሕፈት፣ ኑዛዜና ቀብድ፦ የሕግ ቋንቋ በጥንታዊ የክርስትና ጽሑፎች

ዛሬ ከቅዳሴና ከስብከት ውጭ የማንሰማቸው ብዙ ቃላት፣ አዲስ ኪዳን በተጻፈበት ዘመን ውል ሲፈረም፣ ብድር ሲከፈልና ውርስ ሲከፋፈል የሚነገሩ ነበሩ። ለዚህ ምስክሩ በግብፅ ደረቅ አሸዋ ሳይበሰብስ የቆየው የፓፒረስ (ከደንገል የተሠራ መጻፊያ) ክምር ነው።

ከሁሉ የሚጎላው በቆላስይስ 2፥14 ያለው «የዕዳ ጽሕፈት» ነው። ግሪክኛው ኬይሮግራፎን ይለዋል፤ የእጅ ጽሑፍ ማለት ነው። ተበዳሪው ይህን ያህል መቀበሉንና እንደሚመልስ በራሱ እጅ ይጽፋል። ፊደል ያልቆጠረ ከሆነ ሌላ ሰው ይጽፍለትና ይህንኑ ከግርጌ ያሰፍራል። ሰነዱ አበዳሪው ዘንድ ይቀመጣል፤ ዕዳው ሲከፈል መስቀለኛ መስመር ተሰምሮበት ይሰረዛል። በ85 እ.ኤ.አ. የተጻፈ የግብፅ ችሎት መዝገብ፣ አገረ ገዥው እንዲህ ያለ ሰነድ እንዲሰረዝ ሲያዝ ያሳያል። የቆላስይስ መልእክት ጸሐፊ ግን የመረጠው ግስ «ደመሰሰ» ነው፤ ከጥላሸት የተሠራ ቀለም በእርጥብ ስፖንጅ ሲታበስ ይለቃልና። ጳውሎስ ራሱም ለፊልሞና ሲጽፍ፣ የባሪያህን የአናሲሞስን ዕዳ በእኔ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ «በእጄ እጽፋለሁ» ይላል። ይህ ምሳሌ አይደለም፤ የለየለት የዋስትና ቃል ነው።

ዕብራውያን 9፥16–17 ደግሞ በአንድ ቃል ላይ ይጫወታል። ዲያቴኬ በግሪክኛ ኪዳንም ኑዛዜም ነው። አማርኛ ለሁለቱ የተለያየ ቃል ስላለው ቅኔው ይጠፋብናል፤ ከኪዳን ተነሥቶ የተናዛዡ ሞት ላይ ሲደርስ አንባቢ ግር ቢለው አይፈረድበትም።

ጰራቅሊጦስ የሚለው የግሪክኛ ቃልም በ1ኛ ዮሐንስ 2፥1 «ጠበቃ» ተብሎ ተተርጉሟል። በ200 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሰሜን አፍሪካ የካርታጎ ከተማ ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያኖስ ከዚህም አልፎ የሮማን ችሎት መቃወሚያ በመናፍቃን ላይ አነሣ፦ ቅዱሳት መጻሕፍቱ የመናፍቃኑ ስላልሆኑ ክርክሩ ገና ከበሩ ይዘጋ አለ።

ኤፌሶን 1፥14 መንፈስ ቅዱስን «የርስታችን መያዣ» ይለዋል። የግሪክኛው ቃል አራቦን ሲሆን ምንጩ ሴማዊ ነው። በዕብራይስጡ ይኸው ቃል በሚገኝበት በዘፍጥረት 38 ይሁዳ ለትዕማር የሰጣት ማኅተምና በትር መያዣ ነበሩ፤ ቃል የገባላት ፍየል ሲላክ ሊመለሱለት። በግሪክኛ ተናጋሪዎች ገበያ ግን አራቦን የዋጋው የመጀመሪያ ክፍያ ነው፤ ቀሪው ይጨመርበታል እንጂ አይመለስም። ስለዚህ ከመያዣ ይልቅ ቀብድ ቢባል ይቀርባል። ቃሉ ራሱ ግን ከእኛ ዘንድ አልጠፋም፤ የመድን ድርጅቶች ከደንበኛ የሚሰበስቡትን ክፍያ ዛሬም አረቦን ይሉታል።