ለመጀመሪያ ፈረስ ገዢዎች፦ ሽማግሌ ፈረስ ግዙ ስላችሁ ስሙኝ

በዚህ ወር ብቻ ሦስተኛው ሰው ነው። «ጋሼ፣ ግልቢያ መማር ጀምሬያለሁ። አንድ ወጣት ፈረስ ገዝቼ አብረን ብንማርስ፣ ምን ይሉኛል?»

ምን እላለሁ? አትግዛ እላለሁ። አይሰማም። ገዝቶ፣ ወድቆ፣ ክንዱን በጀሶ አሳስሮ ይመለሳል።

«አብረን እንማራለን» ሲባል ደስ ይላል። ግን ሁለቱም ካላወቁ ማን ማንን ሊያስተምር ነው? የ3 ዓመት ፈረስ ገና ጥርሱን ቀይሮ አልጨረሰም። የጀርባ አጥንቱም አድጎ አላበቃም። ነፋስ ያነሳው ፌስታል ጅብ ይመስለዋል። ይዘላል። ጀማሪው ይደነግጥና ተረከዙን ጎኑ ላይ ይቀረቅራል፣ ልጓሙንም ወደ ራሱ ይጎትታል። እስኪ በፈረሱ ቦታ ሁኑ። ተረከዙ ሂድ ይለዋል፣ ልጓሙ ቁም ይለዋል። ያበደ የሚመስለው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ተሸክሞ ያረጀ ፈረስ ግን ይህን ሁሉ ትርምስ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈዋል።

ከራሴ ልንገራችሁ። በ22 ዓመቴ ከገበያ አንድ ጉራቻ ፈረስ ገዛሁ። ደላላው «ስድስት ዓመቱ ነው ጌታዬ» አለኝ። ገበያ ላይ ያለ ፈረስ ሁሉ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልብ በሉ። አፉን ከፍቶ ማየት አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጣለኝና የትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። እሱስ ይሁን። የሚቆጨኝ ፈረሱ ነው። በዓመቱ፣ ሰው ሲጠጋው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ለመንከስ የሚዘጋጅ ሆነ። ክፉ ሆኖ አልተወለደም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ግልቢያ የተማርኩት ከዚያ በኋላ፣ በሰው ዳማ ፈረስ ላይ ነው። 16 ዓመቱ ነበር። ሶምሶማ ላይ ሚዛኔን ስስት ራሱ ይቆማል። አንድ ጆሮውን ወደ እኔ ያዞርና እስክስተካከል ይጠብቃል። ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል። «አርጅቷል፣ ነገ ቢሞትብኝስ?» ትሉኛላችሁ። በደንብ የተያዘ ፈረስ 25፣ 30 ዓመት ይኖራል። ለጀማሪ 12 ወይም 15 ዓመት የሆነው ልክ ነው።

ዕድሜውን ደግሞ ደላላ አትጠይቁ፤ ጥርሱን እዩ። 2 ዓመት ተኩል ገደማ ላይ የመሃል ሁለቱን የፊት ጥርሶች ይቀይራል። 3 ተኩል ላይ ቀጥሎ ያሉትን፣ 4 ተኩል ላይ የዳሮቹን። 5 ሲሞላው አፉ ሙሉ ነው። ከዚያ የታችኞቹ ጥርሶች አናት ላይ ያለው ጉድጓድ ከመሃል ጀምሮ እየተበላ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግምት ነው። ጥርስ የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ሰው የሚነግራችሁን ወሬ ደግሞ አንድ በአንድ ልመልስ። «ድንጉላ፣ ማለትም ያልተኮላሸ ወንድ፣ ካልሆነ ፈረስ አይባልም።» ይኼ ከጦር ሜዳ የቀረ ወሬ ነው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው፣ እውነት ነው። አንድ ልጅ ፈረሱን ሳያይ ስሙን አውጥቶ መጥቶ ያውቃል። እናንተ ግን ዘመቻ አትሄዱም። ድንጉላ ባዝራ፣ ማለትም ሴት ፈረስ፣ ከሸተተችው እናንተን ይረሳችኋል። የተኮላሸ ግዙ። ረጋ ያለች ባዝራም ምንም አትል።

«ግንባሩ ላይ ያለው የጠጉር አዙሪት ገድ አለው።» የለውም። እግሩን እዩ።

«ስኳር ካበላሁት ይወደኛል።» የሚወደው ስኳሩን ነው። ሳምንት ሳይሞላ ኪስ መፈተሽ፣ ከዚያም ጣት መንከስ ይጀምራል። ፈረስ የሚለምደው ሰዓቱን የሚያከብር፣ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት የሆነ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አትጋልቡ። ቦርሹት፣ እየሳባችሁ አንሸራሽሩት፣ ሰኮናውን አንድ በአንድ አንስታችሁ ጥረጉለት። ስትቀርቡት ከትከሻው በኩል እየተናገራችሁ ቅረቡ። ከኋላው እና ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን አያይም። እንዲህ ካደረጋችሁ አንድ ቀን ስትመጡ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከንፈሩን ያላውሳል፣ የኋላ እግሩን አንዱን ያሳርፋል። ተረጋግቷል ማለት ነው፤ ያኔ ኮርቻ ጫኑ።

«ካልገረፍከው ይንቅሃል።» ዝንብ ጠጉሩ ላይ ስታርፍ የሚሰማውን እንስሳ ለምን ትገርፉታላችሁ?

«ገብስ በጨመርክ ቁጥር ይበረታል።» ፈረስ ማስታወክ አይችልም። በአንድ ጊዜ ብዙ እህል ከበላ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሰኮናውም ከውስጥ ተቆጥቶ ያመዋል፤ ሊሞትም ይችላል። ዋና ቀለቡ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ውሃም በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይፈልጋል።

ልትገዙ ስትሄዱ ሳትደውሉ ሂዱ። ስትደርሱ ተጭኖና አልቦት ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ፤ ጉልበቱን አስቀድመው አድክመውት ይሆናል። ባለቤቱ ራሱ ሲለጉመውና ሲጭነው ቆማችሁ እዩ። መጀመሪያ እሱ ይውጣ። የጋሪ ፈረስ ከሆነ እግሩንና አንገቱን በእጃችሁ ዳሱ፤ እንደ ዶቃ ተደርድሮ የሚፈርጥ እብጠት ካገኛችሁ ተላላፊ ነውና ትታችሁ ሂዱ። ደህና ከሆነ ግን በሌላ ቀን በጠዋት ተመለሱ። ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት፣ ግን ሳትከፍሉ በፊት።

ከፍሎ የሚደውልልኝ መቼም አይጠፋም። ትናንት ማታም አንዱ ደወለ። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለህ በሉኝ! ድንጉላ ነው፣ ስድስት ዓመቱ ነው አሉኝ...»