ፕሮቲኤዝ ምንድን ነው? ፕሮቲን ቆራጩ ኢንዛይምና የሰውነት መቆጣት

ደብረ ማርቆስ የምትኖር አክስቴ የደም ግፊት መድኃኒት በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ደረቅ ሳል ያዛት። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ሌሊት ሌሊት ጉሮሮዋን እየኮረኮረ እንቅልፍ ይነሳታል። ብርድ ነው ብላ ነጭ ሽንኩርት በማር ዋጠች፣ ጤና አዳም በቡና ጠጣች፤ ሳሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ቆይቶ እንደታወቀው ነገሩ የመጣው ከምትውጠው ኢናላፕሪል ነበር። ኢናላፕሪል የሚሠራው በደም ሥሮች ግድግዳ፣ ይልቁንም በሳንባ ውስጥ በብዛት የሚገኝ አንድ ቆራጭ ኢንዛይም በማገድ ነው። አንድ ቆራጭ ከሥራው ሲታገድ ጉሮሮ የሚቆጣው ለምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ፕሮቲኤዝ የሚባለውን ነገር ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰካክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፕሮቲኤዝ ደግሞ በሁለት ፍሬዎች መካከል ያለውን ማያያዣ በውኃ ሞለኪውል አማካይነት የሚበጥስ ኢንዛይም ሲሆን፣ ራሱም ፕሮቲን ነው። በሰው አካል ውስጥ ከ550 በላይ ዓይነት ፕሮቲኤዞች አሉ። ከሰውነታችን ውጭም ሞልተዋል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለ ጓሮ ያልበሰለ ፓፓያ በቢላዋ ቢበጣ የሚንጠባጠበው ነጭ ወተት ፓፓይን የሚባል ፕሮቲኤዝ አለበት፤ ጠንካራ ሥጋ በእርሱ ታሽቶ ጥቂት ቢቆይ የሚለሰልሰው የሥጋው ፕሮቲን ስለሚቆራረጥ ነው። ጠላ ጠማቂዋም ሳታስበው ከፕሮቲኤዝ ጋር ትሠራለች። ገብሱ ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ጎንቆል ማውጣት ሲጀምር በፍሬው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ ከፊሎቹ ስታርቹን፣ ከፊሎቹ ደግሞ የተከማቸውን ፕሮቲን እየቆራረጡ ለቡቃያው ስንቅ ያዘጋጃሉ። ደረቅ ገብስና ብቅል የሚለያዩት በዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ ፕሮቲኤዝ በመቀስ ይመሰላል። ምሳሌው መጥፎ ባይሆንም ግማሹን እውነት ብቻ ነው የሚናገረው፤ መቀስ የነካውን ሁሉ ሲቆርጥ ፕሮቲኤዝ ግን ከረጅሙ ሰንሰለት ውስጥ የለመደውን ቦታ መርጦ ነው የሚቆርጠው፤ ቆርጦም ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋ ሳይሆን የሚቀሰቅስ ነው። እኔ የሚሻለኝ በአፎቱ ውስጥ ያለ ጎራዴ ነው። አብዛኞቹ ፕሮቲኤዞች ሲመረቱ ስለታቸው በራሳቸው የፕሮቲን ቁራጭ ተሸፍኖ ይወጣሉ፤ ያ ቁራጭ በሌላ ፕሮቲኤዝ ተቆርጦ እስኪወገድ ድረስ ማንንም አይነኩም። አንዱ ሌላውን ከአፎቱ ያወጣዋል፣ ያ ደግሞ ተከታዩን፤ ትንሽ ምልክት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትልቅ ምላሽ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ጎራዴው ያለቦታው ሲመዘዝ ምን እንደሚሆን ቆሽት ያሳየናል። ቆሽት ትሪፕሲን የሚባለውን ቆራጭ የሚያመርተው ትሪፕሲኖጅን በሚባል የተሸፈነ መልክ ሲሆን፣ ሽፋኑ መነሳት ያለበት ትንሹ አንጀት ከደረሰ በኋላ ነው። ሽፋኑ እዚያው ቆሽት ውስጥ ከተነሳ ትሪፕሲን የተፈጠረበትን ቤት መፍጨት ይጀምራል። ኦስትሪያዊው ሐኪም ሃንስ ኪያሪ እ.ኤ.አ. በ1896 ቆሽት ራሱን በራሱ ይፈጫል ብሎ ጽፎ ነበር፤ ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ በቤተሰብ የሚወረስ የቆሽት ብግነት ባለባቸው ሰዎች የትሪፕሲኖጅን ዘረ መል ላይ ለውጥ ተገኘ። በእኛ አነጋገር ሰው ክፉኛ ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ግን ቃሉን ያለ ምሳሌ ሊጠቀምበት ይችላል።

አሁን ወደ ብግነት እንምጣ። አማርኛ ቁስል «ተቆጣ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። በጮቄ ተራራ ግርጌ በባዶ እግሩ ከብት የሚነዳ ልጅ ውስጥ እግሩን እሾህ ወጋው እንበል። በደም ፈሳሽ ውስጥ ኪኒኖጅን የሚባል ትልቅ ፕሮቲን ሁልጊዜ ይዞራል። ሕብረ ሕዋስ ሲጎዳ ካሊክሪን የሚባል ፕሮቲኤዝ ከአፎቱ ወጥቶ ከኪኒኖጅን ላይ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ቁራጭ ይቆርጣል፤ ስሟ ብራዲካይኒን ነው። ይህች ቁራጭ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ታሰፋለች፣ ግድግዳቸውን ታሳሳለች፣ የሕመም ነርቮችን ትነካለች። ሙሉው ኪኒኖጅን ይህን ሁሉ አያደርግም፤ የሚያቃጥለው የተቆረጠው ነው። ብራዲካይኒንን እ.ኤ.አ. በ1949 ያገኙት ብራዚላዊው ማውሪሲዮ ሮሻ ኢ ሲልቫና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ ያገኙትም ጃራራካ የሚባለውን የአገራቸውን እባብ መርዝ ከደም ፈሳሽ ጋር ሲቀላቅሉ ነው። ይህን እባብ አንባቢ ልብ ይበለው፤ ተመልሰን እንመጣበታለን።

እሾሁ ባክቴሪያ ይዞ ከገባ ሁለተኛ ዙር ይጀመራል፤ በእኔ ግምት የዚህ ምርምር ዋናው ፍሬ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያን የሚውጡ ነጭ የደም ሕዋሳት ኢንተርሊኪን-1 ቤታ የሚባለውን የብግነት መልእክተኛ 269 አሚኖ አሲድ ባለው፣ ገና መልእክት በማያደርስ መልክ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። አደጋው እርግጥ መሆኑ በሕዋሱ ውስጥ ሲታወቅ ኢንፍላማሶም የሚባል የፕሮቲኖች ስብስብ ይቆማል፤ ይህን ስያሜ የሰጠው በስዊዘርላንድ ሎዛን የነበረው የዩርግ ቾፕ ቡድን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002። በዚያ ስብስብ ላይ ካስፔዝ-1 የሚባል ፕሮቲኤዝ ይነቃና ሰንሰለቱን በ116ኛውና በ117ኛው አሚኖ አሲድ መካከል ይቆርጠዋል። የቀረው 153 አሚኖ አሲድ ያለው ክፍል ነው ሥራ የሚሠራው፤ እስከ አንጎል ድረስ ምልክቱ ደርሶ ልጁ ማታ ያተኩሰዋል። ይኸው ካስፔዝ-1 ጋዝደርሚን ዲ የሚባል ሌላ ፕሮቲንም እንደሚቆርጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ታወቀ፤ የጋዝደርሚኑ ቁራጮች ተሰባስበው የሕዋሱን ሽፋን ይበሱታል፣ መልእክተኛውም በቀዳዳው ይወጣል። መልእክቱን የሚቆርጠውና በሩን የሚከፍተው አንድ ኢንዛይም ነው።

ከዚያ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ። እነዚህ ኢላስቴዝ የሚባል ፕሮቲኤዝ ተሸክመው የሚመጡ ናቸው፤ ባክቴሪያን ይጎዳል፣ የሞተ ሥጋም ይጠርጋል፣ ነገር ግን ሳንባ እንደ ላስቲክ እንዲለጠጥ የሚያደርገውን ኢላስቲንንም ከመቁረጥ አይመለስም። ስለዚህ ጉበት ዘወትር አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የሚባል ጠባቂ ወደ ደም ይለቃል። አሠራሩ የወጥመድ ነው፤ የሚቆረጥ የሚመስል ማጥመጃ አውጥቶ ይጠብቃል፣ ኢላስቴዙ ሊቆርጥ ሲነክስ ወጥመዱ ይዘጋና ኢላስቴዙን አጣብቆ ቅርጹን ያበላሸዋል። ካርል ቤርቲል ላውሬልና ስቴን ኤሪክሶን በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1963 ይህ ጠባቂ የጎደላቸው አምስት ሰዎች እንዳገኙ ጻፉ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ሳንባቸው የተጎዳ ነበር። የሳንባ መላላት ከቆራጩና ከጠባቂው ሚዛን መዛባት ይመጣል የሚለው ሐሳብ ሥር የያዘው ከዚህ በኋላ ነው።

ጉድለቱ በውርስ የሚገኘው በብዛት በአውሮፓ ተወላጆች ዘንድ ስለሆነ ጎጃም ውስጥ ብዙም አይጠበቅም። ሚዛኑን የሚያዛባው ግን ውርስ ብቻ አይደለም። የትምባሆ ጭስ ከጠባቂው ማጥመጃ ላይ ያለችውን አንዲት አሚኖ አሲድ ኦክሳይድ በማድረግ ወጥመዱን ያሰንፈዋል፣ በዚያው ላይ ተጨማሪ ኒውትሮፊሎችን ወደ ሳንባ ይጠራል። ለረጅም ዓመታት መስኮት በሌለው ማድ ቤት በእንጨትና በኩበት እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ፣ ሲጋራ ነክተው የማያውቁ እናቶች ሥር የሰደደ የመተንፈሻ በሽታ እንደሚያገኛቸውም የታወቀ ነው። ዐይን የሚያስለቅሰው ጭስ ሳንባ ውስጥ የሚያደርገውን ግን ማንም ቆሞ አያየውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቆራጮቹን በመድኃኒት ማሰር ቀላል መፍትሔ ሊመስል ይችላል፤ ታሪኩ ግን እንደዚያ አልሄደም። ኮላጅንን፣ ማለትም የሰውነትን ሕብረ ሕዋስ አጽንቶ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ የሚቆርጡ፣ በማዕከላቸው ዚንክ የያዙ ፕሮቲኤዞች አሉ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1962 የተገኘው የእንቁራሪት ጫጩት ጭራዋን እንዴት እንደምታጣ ሲጠና ነው። በሳንባ ነቀርሳ ሳንባ የሚቦረቦረውም በአመዛኙ በባክቴሪያው ሳይሆን በራሳችን የዚህ ወገን ቆራጮች ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያግዱ መድኃኒቶች በካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክረው ዕጢውን ሳይመልሱ መገጣጠሚያ እያሳመሙ ቀሩ፤ ከታገዱት መካከል ለሰውነት የሚከላከሉም ነበሩና። ከዚህ ወገን ጸንቶ የቆየው፣ ለሰሚው እንግዳ ቢሆንም፣ በየጤና ጣቢያው የሚታወቀው ዶክሲሳይክሊን ነው። ባክቴሪያን ለመዋጋት 100 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ 20 ሚሊ ግራሙ ግን ባክቴሪያን ሳይነካ ቆራጮቹን ስለሚገታ በአሜሪካ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለድድ በሽታ ተፈቅዷል።

ወደ አፎቱ የተመለሰ ሌላ መንገድም አለ። ኒውትሮፊል ገና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሳለ የኢላስቴዙን ሽፋን የሚያነሳ ሌላ ፕሮቲኤዝ አለ፤ ብሬንሶካቲብ የተባለው እንክብል እርሱን ስለሚያግድ ሕዋሱ ጎራዴውን ሳይመዝ ወደ ደም ይወጣል። መድኃኒቱ የሳንባ ቧንቧቸው በዘላቂነት ለሰፋ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

እባቡን አልረሳነውም። የጃራራካ መርዝ ብራዲካይኒን እንዲፈጠር ከማድረጉም በላይ፣ ብራዲካይኒንን ቆርጦ የሚያመክነውን ኢንዛይም የሚያግዱ ነገሮች እንዳሉበት ታወቀ። ያ ኢንዛይም በደም ውስጥ ካለ አንጂዮቴንሲን ከሚባል አጭር ሰንሰለት ጫፍ ሁለት አሚኖ አሲድ ቆርጦ የደም ግፊትን የሚያስነሣውም ነው። ከዚህ ዕውቀት ተነሥቶ ካፕቶፕሪል ተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1981ም በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ኢናላፕሪል የእርሱ ታናሽ ነው። ቆራጩ ሲታገድ ግፊቱ ይወርዳል፤ ነገር ግን በተለመደው ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ትቆረጥ የነበረችው ብራዲካይኒን በመተንፈሻ አካል ትቆይና ነርቮቹን ትኮረኩራለች። ይህ ሳል መድኃኒቱን ከሚወስዱ መቶ ሰዎች ከ5 እስከ 20 የሚሆኑትን ያገኛል ተብሎ ይገመታል። ሳሉ አሰልቺ እንጂ አደገኛ አይደለም፤ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ድንገት ካበጠ ግን እንደዚያው ከብራዲካይኒን የሚመጣ ቢሆንም ትንፋሽ ሊዘጋ ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አክስቴን ያየቻት ነርስ ኢናላፕሪሉን አስቁማ ይህን ኢንዛይም በማይነካው አምሎዲፒን ተካችላት። ሳሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቃት፤ ጤና አዳሙን ግን ለጣዕሙ ስትል አሁንም ከቡናዋ አልለየችውም።