ጓደኝነትን የሚያስተምሩ የልጆች መዝሙሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለልጆች መዝሙር ስንመርጥ ብዙ ጊዜ የምናየው ግጥሙን ነው። «መዋደድ»፣ «መካፈል»፣ «መረዳዳት» የሚሉ ቃላት ካሉበት ጥሩ ነው ብለን እንይዘዋለን። በመዋዕለ ሕፃናትም ሆነ በቤት የሚደጋገሙት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከዚሁ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ትምህርቱ ያለው ግጥሙ ውስጥ ነው

እውነታው፦ የ4 ዓመት ልጅ ስለ መካፈል እየዘመረ ከጎኑ ያለውን ልጅ አሻንጉሊት ሊነጥቅ ይችላል። ልጆችን የሚያቀራርባቸው መዝሙሩ የሚያሠራቸው ሥራ ነው፦ በአንድ ምት መንቀሳቀስ፣ ተራ መጠበቅ፣ የሌላውን ስም መጥራት፣ ፊት ለፊት መተያየት። ኪርሽነርና ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየዘመሩና እየጨፈሩ የተጫወቱ የ4 ዓመት ልጆች፣ ተመሳሳዩን ጨዋታ ያለ ሙዚቃ ከተጫወቱት ይልቅ ኋላ ላይ የበለጠ ተረዳድተዋል። በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ገና የ14 ወር ሕፃናትን ተመልክቷል። ከፊታቸው ካለ ሰው ጋር በሙዚቃው ምት እኩል የተወዛወዙት ሕፃናት፣ ያ ሰው ዕቃ ሲወድቅበት ይበልጥ አንስተው አቀብለዋል። በዚያ ዕድሜ ስለ ጓደኝነት የሚናገር ስንኝ ይገባቸዋል የሚል የለም።

ስለዚህ መዝሙር ስትመርጡ ግጥሙን ለጊዜው ተዉትና ልጆቹ ምን እንደሚሠሩ ጠይቁ። መልሱ «ቆመው ወደ መምህሯ እያዩ ይዘምራሉ» ከሆነ፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ልጆቹ እርስ በርስ አልተገናኙም።

የስም መዝሙር ጥሩ መነሻ ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ሁለት ጊዜ ጉልበታቸውን፣ ሁለት ጊዜ እጃቸውን ይመታሉ። ሁሉም «ማን አለ ከእኛ ጋር?» ሲሉ ተረኛው ስሙን ይናገራል፤ ሌሎቹም ስሙን ደግመው «እንኳን መጣህ» ወይም «እንኳን መጣሽ» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ 16 ምት ይበቃል፤ ይህም በመካከለኛ ፍጥነት 10 ሰከንድ ያህል ነው። 12 ልጆች በ2 ደቂቃ ይዳረሳሉ። 25 ከሆኑ ግን ከ4 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ተራቸው ሳይደርስ ይበተናሉ። በሁለት ክብ ክፈሏቸው። ለስሙ 4 ምት ክፍት ተዉ፤ አጭሩም ረጅሙም ስም ይገባበታል፣ የማንም ስም በዜማው ምክንያት አይቆረጥም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ጓደኛህን ምረጥ» የሚል መዝሙር ጓደኛ ያስገኛል

እውነታው፦ የሚመረጡት በየቀኑ እነዚያው ልጆች ናቸው፤ የሚቀሩትም እነዚያው። ምርጫውን ለመዝሙሩ ስጡት። ልጆቹ ሁለት ክብ ይሥሩ፣ የውስጡ ወደ ውጭ፣ የውጩ ወደ ውስጥ ይይ። አንድ ስንኝ እያጨበጨቡ ይዘምራሉ፣ ከዚያ የውጩ ክብ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ያልፋል። 12 ልጆች በ6 ዙር ከ6 የተለያዩ ልጆች ጋር ይገናኛሉ ማለት ነው። ለመሻገሪያው ባዶ 8 ምት ካልተዋችሁ ይጋጫሉ። የልጆቹ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ አዋቂ ይግባ። በአንድ ክብ ያሉት እርስ በርስ ስለማይገናኙ በማግስቱ አቀላቅሏቸው።

የወንበር ሽሚያም እንዲሁ ነው። ሙዚቃው ሲቆም ወንበር ያጣ የሚወጣበት ጨዋታ ፈራ ተባ የሚለውን ልጅ ቀድሞ ያስወጣና ረጅሙን ሰዓት ዳር ያቆመዋል። ወንበሩን ቀንሱ እንጂ ልጁን አታስወጡ። በወንበር ፈንታ ምንጣፍ ብታነጥፉ መውደቅም አይኖር፤ በየዙሩ አንድ ምንጣፍ አንሡ፣ ልጆቹ በቀሩት ላይ ተጠጋግተው ይቁሙ። መቆሚያው ሲጠብ እርስ በርስ መያያዝ ይጀምራሉ፤ መገፋፋት ከመጣ አቁሙት።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በፈጠነና በጮኸ ቁጥር ይደሰታሉ

እውነታው፦ ልጆች የሚጮኹት ብዙ ጊዜ ዜማው ስለማይመቻቸው ነው። አዋቂ በራሱ ወፍራም ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይጀምራል፤ ልጆቹ እዚያ መውረድ ስለማይችሉ ያጉረመርማሉ ወይም ይጮኻሉ። ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የሚመቸው ከመካከለኛው ዶ (በፒያኖ መሃል ካለው) ቀጥሎ ካለው ሬ እስከ ላ ያለው የድምፅ ከፍታ ነው። መሣሪያ ከሌለ ከንግግር ድምፃችሁ ቀጠን አድርጋችሁ ጀምሩ። ፍጥነቱን የሚወስነው እንቅስቃሴው ነው፤ ለማጨብጨብ በደቂቃ ከ110 እስከ 120 ምት ይሆናል፣ ቦታ መቀያየር ካለበት ግን ወደ 90 አውርዱት።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ስልክ ላይ መክፈት ይበቃል

እውነታው፦ የተቀዳ ሙዚቃ አይጠብቅም። ስሟን ለመናገር ያመነታችን ልጅ ጥሏት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላው የኪርሽነርና ቶማሴሎ ጥናት፣ ትንንሽ ልጆች ከበሮ ሲመቱ ከማሽን ይልቅ አብሯቸው ከሚመታ ሰው ጋር ምታቸውን ይበልጥ እንደሚያስተካክሉ አሳይቷል። ቅጂውን ዜማውን ለመማር ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ዝጉት። ድምፃችሁ ማማር የለበትም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የማይዘምር ልጅ አልተሳተፈም

እውነታው፦ ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ ብዙ ጊዜ እየተማረ ነው። «አንተም ዘምር!» ማለት የሁሉንም ዐይን ወደ እሱ ያዞራል። ከበሮውን ስጡት፤ በስም መዝሙሩም ላይ ሌሎቹ ስሙን ይጥሩለት፣ እሱ እጁን ካነሣ ይበቃል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ሲጣሉ የይቅርታ መዝሙር ያስታርቃቸዋል

እውነታው፦ የተናደደ ልጅ መጀመሪያ መረጋጋትና መደመጥ ይፈልጋል። እያለቀሰ እንዲዘምር ከተገደደ መዝሙሩን ራሱን ይጠላዋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በየሳምንቱ አዲስ መዝሙር ካልመጣ ይሰለቻሉ

እውነታው፦ ቃሉን ገና የሚፈልግ ልጅ ጓደኛውን ለማየት ፋታ የለውም። አንዱን መዝሙር ለሦስት አራት ሳምንት ያዙና ሌላውን ለውጡ፦ እንቅስቃሴውን፣ መሪውን፣ ፍጥነቱን። ልጆቹ ራሳቸው አንድ ስንኝ ቢጨምሩበት ደግሞ የራሳቸው ያደርጉታል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ይህ የትንንሾች ነገር ነው

እውነታው፦ ከ7 ዓመት በላይ ያሉት እየተቀባበሉ መዘመር ይችላሉ። አንደኛው ቡድን ይጀምራል፣ ሁለተኛው ያንኑ ዜማ አንድ ስንኝ ዘግይቶ ይገባል። ይህ የሚሠራው ስንኞቹ ተደራርበው ሲዘመሩ በሚስማሙ ዜማዎች ብቻ ነው። ሁሉም ዜማውን አብረው በደንብ ሳያውቁት አትክፈሏቸው። የሚያበላሸው አንዱ ቡድን ሌላውን ላለመስማት ጆሮውን ይዞ ሲጮኽ ነው፤ ሌላኛው ቡድን እስኪሰማቸው ድረስ ድምፃቸውን እንዲቀንሱ ንገሯቸውና ከመጀመሪያው አስጀምሯቸው።