ንስሐ ምንድን ነው? ሂሳብማ ተከፍሏል

«ስንት ስግደት አሉህ?»

ደሴ ውስጥ ንስሐ ገብቶ የወጣ ሰው ከጓደኞቹ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነው። ትንሽ ከሆነ «ተገላገልክ» ይሉታል። ብዙ ከሆነ ዝም ብለው ያዩታል። ምን ቢሠራ ነው ይህን ያህል የጣሉበት እያሉ በሆዳቸው ያሰላሉ። ይህን እንኳ ለምጄው ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ ከሌላኛው ጫፍ ተነሣ። «በጸጋ ከዳንን ንስሐ ለምን አስፈለገ? ክርስቶስ የከፈለውን ዕዳ ደግሞ መክፈል አይደለም ወይ?» ይላል። ከሥሩ «አሜን» የሚለው ሰው ብዛቱ!

ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ እንደሆነ፣ ጸጸት፣ ኑዛዜ፣ ቀኖና (ካህኑ የሚያዝዘው ስግደት፣ ጾምና የመሳሰለው) እና ፍትሐት (ካህኑ ከኃጢአት የሚፈታበት) እንዳለው ሰንበት ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል። እሱን አልደግምም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስግደት ቆጣሪውና የፌስቡኩ ጸሐፊ ባላንጣ ይመስላሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ንስሐን ዋጋ አድርገውታል። አንዱ ዋጋውን ቆጥሮ ይከፍላል። ሌላው ተከፍሏል ብሎ ኪሱን ይዘጋል። ንስሐ ግን ከመጀመሪያውም ዋጋ አልነበረም።

እኛ አገር ሰው ታክሲ ውስጥ የሚያውቀውን ካየ ዝም አይልም። ከፊት ወንበር ሆኖ «የሱን ከዚህ ያዝ!» ይላል። ረዳቱም ወደ ኋላ ዞሮ «ሂሳብ ተከፍሏል» ይላል። በቃ። ጸጋን ሳስተምር የምጠቀመው ይህንን ነው። እንግዲህ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ቆመናል እንበል። የሁላችንም ቤት ደሴ ነው፣ የሁላችንም ሂሳብ ተከፍሏል። አንዱ «በፍጹም! የራሴን ራሴ ነኝ የምከፍለው» ብሎ ከረዳቱ ጋር ይታገላል። ትሕትና መስሎታል፤ ከፋዩን ግን አሳፈረው። ሌላው «ተከፍሎልኝ የለ እንዴ» ብሎ ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶውን ይጠጣል። መኪናው ሞልቶ ሊወጣ ነው፣ እሱ እንደተከፈለለት ለአስተናጋጇ ያወራል። ሦስተኛው ደግሞ ወደ ባቲ የሚሄድ መኪና ውስጥ ተመቻችቶ ተኝቷል። ንስሐ ማለት ከባቲው መኪና ወርዶ የደሴው ላይ መሳፈር ነው። መሳፈር ሂሳብ መክፈል አይደለም። ሳይሳፈሩ ግን ደሴ አይደረስም።

በዚህ ምሳሌ ካህኑ ረዳቱ ነው። ገንዘቡም መኪናውም የሱ አይደለም። «ተከፍሎልሃል፣ ግባ» የማለት ሥልጣን ግን ተሰጥቶታል፤ ዮሐንስ 20፥23 ላይ ነው። ቀኖናው ደግሞ የሐረጎ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500። ያን ሁሉ ለመውጣት መንገዱ መጠማዘዝ አለበት። ሆድ ያጥወለውላል፣ ጆሮ ይደፍናል። ነገር ግን «ምን አጥፍቼ ነው ይህን ሁሉ ኩርባ የጣላችሁብኝ?» ብሎ ረዳቱን የሚከስስ ተሳፋሪ የለም።

ምሳሌው የሚሰበርበትንም ልናገር፣ አለዚያ ተማሪዎቼ አይለቁኝም። ታክሲ ላይ ሰው በራሱ እግር ነው የሚሳፈረው። ንስሐ ላይ ግን ወርዶ የሚሳፈርበት ጉልበትም ስጦታ ነው። የሐዋርያት ሥራ 11፥18 እግዚአብሔር ለአሕዛብ ንስሐን «ሰጣቸው» ይላል። ሮሜ 2፥4 ደግሞ ወደ ንስሐ የሚመራው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው ይላል። ስለዚህ «ጸጋ ወይስ ንስሐ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጠማማ ነው። ጳውሎስም ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ገብቶታል፤ ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑር ወይ ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ «አይደለም» ብሎ ዘግቶታል፣ ሮሜ 6 ላይ። «ይህ የኦርቶዶክስ ነገር ነው» ለሚለኝ ደግሞ፣ ማርቲን ሉተር በ1517 እ.ኤ.አ. ያወጣቸውን ዘጠና አምስት ነጥቦች የመጀመሪያውን ያንብብ። የምእመን ሕይወት በሙሉ ንስሐ ይሁን ነው የሚለው።

እግረ መንገዴን፣ የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገባት ቦሩ ሜዳ ቅርባችን ስለሆነች «የጸጋ ጉዳይ እዚያ አልተቋጨም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ሌላ ነው። በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ሊቃውንቱ የተከራከሩት ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅብዐት ነው። የዚያ ጉባኤ ጸጋና እዚህ የምንነጋገርበት አንድ አይደሉም። ከጉባኤው ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊሞች በትእዛዝ እንዲጠመቁ መደረጉንም አልዘልለውም። በዐዋጅ የመጣ ሰው የማንን ቀኖና ብትገልጥ ንስሐ ገባ አይባልም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የጠፋው ልጅ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰባኪ ሮጦ የሚያልፈው ነገር አለ። ልጁ እንደ ሠራተኛ ተቀጥሮ ዕዳውን ሊሠራ አስቦ፣ መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቷል። «ከሙያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚለው ሉቃስ 15፥19 ላይ አለ። ቁጥር 21 ላይ፣ አባቱ ፊት ሲቆም፣ የለም። አባትየው አላስጨረሰውም። (አንዳንድ ጥንታዊ የግሪክ ቅጂዎች ቁጥር 21 ላይም ያስገቡታል፤ ክርክር ውስጥ ይህን የሚያነሣባችሁ ካለ አትደንግጡ።) ልጁ ተነሥቶ መምጣቱ ግን ግድ ነበር። አሳማዎቹ ጋ እንደተቀመጠ ግብዣው አልተላከለትም።

ቀራጩ ዘኬዎስም እንዲሁ ነው። ጌታ መጀመሪያ ቤቱ ገባ። አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። እዚህ ላይ ግን የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር አለ። የሰው ገንዘብ መመለስ ቀኖና አይደለም። እሱ እውነተኛ ዕዳ ነው፣ ለባለቤቱ የሚከፈል። ከወንድሙ ውርስ ላይ ቆርጦ የበላ ሰው ሺህ ቢሰግድ ወንድሙ መሬቱን አላገኘም። ስግደት የሚቆጥሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሸሹት ይህንን ነው። ጉልበት ማጠፍ መሬት ከመመለስ ይቀልላቸዋል።

ቀኖና ቅጣት እንዳልሆነ ማስረጃ ለሚፈልግ፣ ሠለስቱ ምዕት፣ በኒቅያ ጉባኤ የተሰበሰቡት አባቶች፣ አሉለት። በ325 እ.ኤ.አ. ኒቅያ ላይ፣ በስደቱ ዘመን ማንም ሳያስገድዳቸው ለካዱ ሰዎች 12 ዓመት ነው የሰጧቸው። ሦስቱን ከሰሚዎች ጋር (ቃሉን ብቻ ሰምተው ከሚወጡት)፣ ሰባቱን ከሰጋጆች ጋር (ወድቀው ከሚጸልዩት)፣ ሁለቱን ሳይቆርቡ በጸሎት። ይህን ሲሰማ «አየህ! ቅጣት ነው» የሚል አለ። ወደ ውትድርና ስለተመለሱት በሚናገረው 12ኛው ቀኖና ላይ ግን (እዚህ ቀኖና ማለት የጉባኤው ውሳኔ ነው)፣ ንስሐው በሥራ የታየ ከሆነ ኤጲስ ቆጶሱ ሊያቀልለት ይችላል ይላሉ። አስመስሎ ጊዜውን ብቻ የሚቆጥር ደግሞ ሙሉውን ይፈጽም። የሚታየው ሰውየው ነው፣ ቁጥሩ አይደለም። (በእኛ የሕግ መጻሕፍት፣ በሲኖዶስና በፍትሐ ነገሥት፣ ለኒቅያ የሚሰጡት ቀኖናዎች ከሃያ ይበልጣሉ። እኔ የምጠቅሰው የግሪኩን ሃያ ነው፤ ቁጥሩ አልገጠመም ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ።)

ፍርድስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ወሎ በ1965ና በ1966 ተርቧል፣ በ1977 ተርቧል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም ረግጧቸዋል። ዛሬም «ንስሐ ስላልገቡ የወረደ ፍርድ ነው» ሲባል እሰማለሁ። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው መግደሉን ጌታ ራሱ ያነሣው ለዚሁ ነበር። ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ ወይ አለና፣ አይደለም አለ። ቀጥሎ ንስሐ ግቡ ያለው ለሞቱት አልነበረም፣ ቆመው ለሚያወሩት ነው። ማቴዎስ 25 ላይም ፍርዱ የሚነገረው ለተራበው አይደለም። የተራበውን አይቶ ላለፈው ነው። የረሃብን ታሪክ በፍርድ የሚተረጉም ሰው መጀመሪያ ይህን ምዕራፍ ያንብብና፣ እሱ የትኛው ወገን እንደቆመ ይንገረኝ። ፍርድ አለ፣ የለም አላልኩም። ለጎረቤት የምናድለው ግን አይደለም።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ቀኖናውን ሳይጨርስ የሞተስ? 13ኛው የኒቅያ ቀኖና ሊሞት የተቃረበ ሰው ሥጋ ወደሙን አይከልከል ይላል። ከዳነ ደግሞ በጸሎት ብቻ ከሚሳተፉት ጋር ይቆያል። ዕዳ ቢሆን ኖሮ ሳይከፍል አያቆርቡትም ነበር። ስለዚህ ጉልበትህ ታሞ ወይም የሌሊት ፈረቃ እየሠራህ የተሰጠህን መፈጸም ካቃተህ፣ ብቻህን ተሸማቅቀህ ከቁርባን አትራቅ። ሄደህ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ስግደቱን በጸሎት ወይም በምጽዋት መለወጥ ይችላሉ፣ ሥልጣኑ የእሳቸው ነው።