የውሻ ኤምአርአይ «ዕጢ ይመስላል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚኖር ወዳጄ ውጭ አገር ያለች እህቱ የላከችለትን የውሻዋን የኤምአርአይ ውጤት አሳየኝ። «የአንጎል ዕጢ ይመስላል» ይላል። «ይመስላል ብሎ ነገር ምንድን ነው? ማሽኑ አያይም እንዴ?» አለኝ።

ያያል። ኤምአርአይ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የአንጎልን ምስል ያነሳል፤ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለበትም። ውሻ «አትነቃነቅ» ቢሉት ስለማይሰማ ሙሉ ማደንዘዣ ይወስዳል። ጋዶሊኒየም የተባለ ብረት ያለበት፣ ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በደም ሥሩ ሲሰጠው ደግሞ ዕጢው ብዙ ጊዜ ደምቆ ይወጣል። ከአንጎል ሽፋን የተነሳ ከመሰለ ሜኒንጂዮማ ይጠረጠራል፤ በውሾች ላይ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ከራሱ ከአንጎሉ ውስጥ ከሆነ፣ በተለይ እንደ ቦክሰር ባሉ አፍንጫቸው አጭር ዝርያዎች፣ ግሊዮማ ሊሆን ይችላል።

ግን ብግነት፣ ኢንፌክሽን ወይም ስትሮክም ተመሳሳይ ምስል ሊሰጡ ይችላሉ። ቁርጡ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። «ይመስላል» የሐኪም ጥንቃቄ እንጂ ማምለጫ አይደለም።

እኛ ጋ ግን ውሻ ድንገት ቢያንቀጠቅጠው ወይም ጠባዩ ቢለወጥ፣ ከዕጢ በፊት የእብድ ውሻ በሽታን ጠርጥሩ። አትንኩት፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።