"እባብ ያየ በልጥ በረየ" ሲባል ምን ማለት ነው፣ አዲስ ስራ ላይ እጃችን ሲንቀጠቀጥስ ምን ያገናኘዋል?

ይሄን አባባል ሁላችንም እንለዋለን ግን ልጥ ምን እንደሆነ ከተማ ያደግን ብዙዎቻችን አናውቅም። እኔም አላውቅም ነበር፣ አያቴ ናት ያሳየችኝ። ልጥ ማለት ከዛፍ ላይ ተልጦ የሚወጣ ቅርፊት ነው፣ ቃሉም ላጠ ከሚለው የመጣ ነው፣ ልጣጭ እንደምንለው። ገጠር ገመድ ማለት ነው በቃ፣ ማገር ይታሰርበታል፣ አጥር ይታሰርበታል፣ የእንጨት ሸክም ይታሰርበታል። መንገድ ላይ ተጠማዞ ወድቆ አመሻሽ ላይ ካያችሁት ደሞ ቁርጥ እባብ ነው። በረየ የሚለውን ከዚህ አባባል ውጪ ሰምቼው አላውቅም፣ አያቴ "በረገገ፣ ደንግጦ ወደኋላ አለ ማለት ነው" ብላ ፈታችልኝ። ስለዚ ነገሩ አንዴ እባብ ያጋጠመው ሰው ልጥ ባየ ቁጥር ይዘላል ነው።

ብዙ ጊዜ የምንለው አንድ ሰው ከድቶት ሌላውን ሁሉ ለሚጠራጠር፣ ወይ እቁብ ላይ ብሩን ተበልቶ ሁለተኛ እቁብ አልገባም ለሚል ሰው ነው። ለኔ ግን የገባኝ ስራ ስጀምር ነው።

ባንክ ቴለር ሆኜ የተቀጠርኩ ሰሞን ጠዋት 2 ሰዓት በሩ ተከፍቶ ሰው መግባት ሲጀምር እጄ በረዶ ይሆናል፣ አፌ ይደርቃል፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ መቶ ኖት ያለውን እስር ስቆጥር 99 ይመጣል እንደገና ስቆጥር 101። የሙከራ ጊዜ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ (1156/2011) ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ እኔ ደሞ እያንዳንዷን ቀን እየቆጠርኩ ዛሬ ነው የሚያባርሩኝ እያልኩ ነበር የምውለው። ደምበኞቹ ግን ምንም አላሉኝም እኮ! ሰላም ይሉኛል፣ ብራቸውን ይቀበላሉ፣ ይሄዳሉ።

እባቡ ሌላ ቦታ ነው የነበረው። 8ኛ ክፍል እያለሁ በሚኒ ሚዲያ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና ሳነብ ተደናቀፍኩና ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳቀ፣ አስተማሪው ወረቀቱን ከእጄ ቀምቶ ለሌላ ልጅ ሰጠው። ከዛ ቀን ጀምሮ ፊቴ የቆመ ሰልፍ በሙሉ ያ ሰልፍ ሆነብኝ፣ የባንክ ወረፋም ጭምር።

በፈረንጆቹ 1920 አሜሪካ ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር የሚባሉ የስነ ልቦና ተመራማሪዎች አልበርት ብለው የጠሩትን ህፃን ነጭ አይጥ እያሳዩ ድምፁ እንዲያስደነግጠው ከጀርባው ብረት በመዶሻ መቱ፣ ህፃኑ አይጧን መፍራት ጀመረ፣ ቀጥሎ ግን ጥንቸልም ፈራ፣ ውሻም፣ የፀጉር ኮትም። ህፃን ላይ እንደዚ መደረጉ ያሳዝነኛል ግን ነገሩ ያው የኛ ልጥ ነው። ሰውነት አንዴ ከደነገጠ አይመርጥም፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ለሩጫ ነው የሚያዘጋጀን፣ ካውንተር ጋር ቁጭ ብለን ግን ወዴት እንሮጣለን።

አንድ ጓደኛዬ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን ልትሰጠኝ ነበር፣ የልብ ምት ያረጋጋል ብላ። እውነቷን ነው ያረጋጋል ግን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው እኔ ደሞ ከልጅነቴ አስም አለብኝ፣ ስለዚ እባካችሁ የሰው ክኒን ያለ ሀኪም አትዋጡ።

የረዳኝ አጠገቤ የሚሰራ በእድሜ የገፋ ሰው ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። ሁለቴ ሶስቴ ወደ ሽንት ቤት ስሮጥ አየኝና "የኔ ልጅ፣ በሸሸሽ ቁጥር እኮ ይብስብሻል፣ ቁጭ በይና እስኪያልፍ ጠብቂው" አለኝ። መጀመሪያ ጨካኝ መሰለኝ። በኋላ ግን ገባኝ፣ ልጡን አይቼ ከሮጥኩ ሰውነቴ የሚይዘው "እባብ ነበር፣ በመሮጤ ተረፍኩ" የሚለውን ነው፣ ጎንበስ ብዬ ካላነሳሁት ልጥ መሆኑን መቼም አላውቅም። ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል የስነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1924 የፃፈችው ይሄንኑ ነው፣ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ህፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን ከሩቅ ጀምራ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስጠጋችለት፣ መጨረሻ ላይ በእጁ ዳሰሳት።

እኔም እንደዛ አደረግኩ። ቀድሜ እየገባሁ ሰው ሳይኖር ብር ቆጠርኩ፣ "እንደምን አደሩ ምን ልታዘዝ" የሚለውን ድምፄን አውጥቼ ተለማመድኩ፣ መጀመሪያ ሰው ትንሽ በሆነበት ሰዓት፣ ከዛ ደሞዝ በሚወጣበት ቀን። ልቤ ሲነሳ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠርኩ አስገብቼ እስከ ስምንት እየቆጠርኩ አወጣለሁ፣ ትንፋሽ ስናወጣ ልብ ቀስ ስለሚል ማውጣቱ መርዘም አለበት። ቁርስ ሳልበላ ቡና መጠጣትም ተውኩ፣ ቡና ራሱ ልብ ያስመታል እኔ ደሞ ፈርቼ ነው እያልኩ ነበር። አንዳንድ ልጆች ጫት ይሞክራሉ፣ እሱም ልብ የሚያፈጥን ነገር ነው እና አይሆንም።

ግን ሁሉም ልጥ አይደለም። በሰው ፊት የሚሳደብ አለቃ ካለባችሁ፣ ያላጎደላችሁትን ክፈሉ ከተባላችሁ እሱ የእውነት እባብ ነው፣ ትንፋሽ በመቁጠር አይሄድም፣ መናገር ወይ ስራ መቀየር ነው። ጭንቀቱ ሳምንታት ቆይቶ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ ወይ ደረታችሁን ካመማችሁም ሀኪም ጋ ሂዱ።

ባለፈው ለአዲስ ገቢዎች ስለ ካውንተር ስራ አስረጂ ተባልኩና ማይክ ሰጡኝ። ከሚኒ ሚዲያ በኋላ ማይክ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አረፍተ ነገሮች ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ሶስተኛው ላይ ተወኝ፣ ከዛ እንደውም ሰዓት አልቋል ብለው ነው ያስቆሙኝ።