ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ምንድን ነው?

ድጓን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ ትምህርት፣ በጣና ደሴቶችም ሆነ በጎጃም አድባራት የተማረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ፈጸመ የሚባለው ጋይንት ሄዶ ቤተልሔም በተባለው ምስክር ቤት ሲያስመሰክር ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተባለውን ሌላውን የዜማ ትምህርት የተማረውም እንዲሁ መንገዱ ወደ ዙር አባ ነው። ያስተማረው መምህር የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ ተማሪውን በማያውቀው ደብር የሚያስከብረው የምስክር ቤቱ ስም ነው። ልጆቹን ይዞ ከባሕር ዳር ወደ ውጭ አገር ለሥራ ሊሄድ የተዘጋጀ አንድ ባልደረባዬ «ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ከዚህ የቀረበ መነሻ አላገኘሁለትም።

ባልደረባዬ የውሃ ሀብት ባለሙያ ነው። ናይሮቢ ከሚገኙት የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ሥራ አግኝቷል፤ ታላቂቱ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል፣ ታናሹ አራተኛ ክፍል ናቸው። ሐይቁ ዳር ካለ ቡና ቤት ተቀምጠን ከአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት የተላከለትን ሰነድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና፣ ነፋሱ እንዳይወስድበት በስኒ ተጭኖ፣ «ጋሼ፣ ስሙ ኢንተርናሽናል ነው፤ ግቢውም የፖሊ ቴክኒኩን ግቢ ያህላል፤ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?» አለኝ። ስሙም ሆነ የግቢው ስፋት ገና ምንም እንዳልነገረው ለማስረዳት ከሰዓት በኋላው በሙሉ አለቀ።

ቃሉን በአጭሩ ብንፈታው፣ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የሚባለው ከሚገኝበት አገር ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት በተለየ ሥርዓት፣ ብዙውን ጊዜም ከአገሬው ቋንቋ በተለየ ቋንቋ፣ በተለይ ወላጆቻቸው ለሥራ ከአገር አገር የሚዘዋወሩ ልጆችን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከጄኔቫ ይጀመራል። የመንግሥታት ማኅበርና የዓለም ሥራ ድርጅት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ስፍራ በመፈለጋቸው እ.ኤ.አ. በ1924 የጄኔቫ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ ግን ወዲያው የምስክር ችግር ገጠመው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ልጆች ሲጨርሱ አንዱ የፈረንሳይን፣ ሌላው የእንግሊዝን፣ ሦስተኛው የስዊዘርላንድን ፈተና መውሰድ ነበረባቸው፤ መምህራኑም ተማሪዎቹን ለየብቻ ከፋፍለው ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። የዩኒቨርሲቲዎችን በር በአንድ ጊዜ የሚከፍት የጋራ ፈተና ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት፣ ባጭሩ አይ.ቢ. የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 እዚያው ጄኔቫ ተመሠረተ።

በአገራችንም ነባሮቹ ትምህርት ቤቶች የተተከሉት እያንዳንዳቸው ለተለየ ልጅ ነው። ቢንግሃም አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው ለሚስዮናውያን ልጆች ነው፤ ሊሴ ገብረ ማርያም በ1947 የፈረንሳይን ሥርዓት ይዞ ተነሣ፤ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 አዲስ አበባ ላይ ከተቋቋሙ በኋላ ደግሞ በ1964 ዛሬ ኢንተርናሽናል ኮሚኒቲ ስኩል የሚባለው ተመሠረተ። ሁሉም አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው፤ ኤምባሲውና ድርጅቱ ባለበት ትምህርት ቤቱም ይኖራልና። ከዚያ ወዲህ ‹ኢንተርናሽናል› የሚለው ቃል ከተማውን ሁሉ አዳርሷል። የአገሩን ሥርዓተ ትምህርት ብቻ እያስተማረ ይህን ቃል ታፔላው ላይ የሚጽፍ ትምህርት ቤት በየከተማው አለ፤ በዓለም ላይ ስሙን ማን ይያዝ፣ ማን አይያዝ ብሎ የሚወስን አንድ አካል የለምና። ደኅና አድርጎ የሚያስተምር ሊሆንም ይችላል፤ ወላጅ ግን የሚከፍለው ለስሙ ይሁን ለምስክሩ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ምስክሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለተማሪው የሚሰጠው ነው። በአይ.ቢ. የዲፕሎማ መርሐ ግብር ተማሪው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ስድስት ትምህርቶች ይወስዳል፤ እያንዳንዳቸው ከ7 ይታረማሉ፤ እስከ 4,000 ቃል በሚደርስ የጥናት ጽሑፍና በዕውቀት ንድፈ ሐሳብ ትምህርት ተጨማሪ 3 ነጥብ ይገኛል፤ ድምሩ 45 ሲሆን ዲፕሎማ ለማግኘት ከሌሎች መሟላት ካለባቸው ነገሮች ጋር ቢያንስ 24 ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር፣ የመጨረሻውን ፈተና የሚያርሙት ያስተማሩት መምህራን ሳይሆኑ ልጁን አይተውት የማያውቁ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ የቤተልሔም ሥራ ማለት ይኸው ነው። በብሪታንያው መስመር ደግሞ ከ14 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች የሚወስዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው አይ.ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. የሚባል ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ፈተና አለ፤ እርሱም የሚታረመው በውጭ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ለትምህርት ቤቱ ለራሱ የሚሰጠው እውቅና ነው። እንደ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ካውንስልና እንደ አሜሪካው የኒው ኢንግላንድ የትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ማኅበር ያሉ ድርጅቶች እውቅና ከመስጠታቸው በፊት ትምህርት ቤቱ ራሱን በጽሑፍ እንዲገመግም ያደርጋሉ፤ ቀጥሎ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የተውጣጣ የመምህራንና የርዕሳነ መምህራን ቡድን መጥቶ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ተማሪዎችን ያነጋግራል፣ የልጆች ደኅንነት እንዴት እንደሚጠበቅ ይመረምራል። እውቅናው አንዴ ከተገኘ ለዘላለም አይደለም፤ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል።

ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የአንድ ድርጅት አባል መሆን፣ የፈተና ጣቢያ ሆኖ መመዝገብና እውቅና ማግኘት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ በትምህርት ቤቱ ብሮሹር ላይ ግን ሦስቱም በአንድ መጠን በተሠሩ አርማዎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። በአይ.ቢ. ዘንድ ‹እጩ ትምህርት ቤት› የሚባል ደረጃም አለ፤ ይህ የአይ.ቢ.ን መርሐ ግብር ለማስተማር ፈቃድ ለማግኘት በሂደት ላይ ያለ ማለት እንጂ የተፈቀደለት ማለት አይደለም። ባልደረባዬ የያዘው ሰነድ ላይ አምስት አርማዎች ነበሩ። አንድ በአንድ በየድርጅቶቹ ዝርዝር ውስጥ ፈለግናቸው፤ ሁለቱ አባልነት ብቻ ሆነው ተገኙ፣ የሦስቱ ግን እውቅናው ትክክለኛ ነበር፤ ለእኔ ሦስቱ በቂ ናቸው።

ክፍያው ሌላ ወሬ ነው። በትልቅ ፊደል የተጻፈው ዓመታዊ ክፍያ ከሥሩ ሌሎች ረድፎች ይከተሉታል፦ የማመልከቻ ክፍያ፣ አንዴ ተከፍሎ የማይመለስ የግንባታ መዋጮ፣ ሰርቪስ፣ ምሳ፣ የፈተና ክፍያ፣ እንግሊዝኛው ላልጠነከረ ልጅ የሚሰጥ ተጨማሪ ድጋፍ። የተባበሩት መንግሥታት ከአገራቸው ውጭ ለሚያሠራቸው ዓለም አቀፍ ሠራተኞች የልጆች ትምህርት ድጎማ ይሰጣል፤ ሆኖም ድጎማው በእርከን የተሠራ ስለሆነ ከመጀመሪያው እርከን 86 በመቶውን ሲመልስ፣ ወጪው ከፍ ባለ ቁጥር ለተጨማሪው ገንዘብ የሚመልሰው ድርሻ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ምንም አይከፍልም። ስለዚህ ባልደረባዬን መጀመሪያ ያስጠየቅሁት ከእነዚህ ረድፎች የትኞቹ በድጎማው እንደሚሸፈኑ ነው፤ መልሱን ያገኘውም ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከቀጣሪው የሰው ኃይል ክፍል ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስጨነቀን ግን የክፍል ምደባው ነው። የእኛ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው፤ በእንግሊዝ ሥርዓት ‹የር ዋን› የሚባለው በ5 ዓመት ይጀመራል። አራተኛ ክፍል ያለው የ10 ዓመት ልጅ እዚያ ‹የር ሲክስ› ሲባል አባቱ ልጁ ሁለት ክፍል የዘለለ መስሎት ደስ አለው፤ ዕድሜው ነው እንጂ አልዘለለም። የታላቂቱ ነገር ግን የሚያስደስት አልነበረም። የ15 ዓመቷ ልጅ በዕድሜዋ ብትመደብ የምትገባው ‹የር ኢለቨን› ነው፤ ያ ደግሞ የሁለት ዓመቱ የአይ.ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ስለሆነ፣ ጓደኞቿ ግማሹን በጨረሱት ትምህርት ላይ ደርሳ በወራት ውስጥ ልትፈተን ነው። አንድ ክፍል ዝቅ ብላ እንድትገባ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ እሺ ቢል የወደቀች የሚመስላት እርሷ ስለሆነች፣ አስቀድሞ ቁጭ አድርጎ ማስረዳትም የአባት ሥራ ነው። ዲፕሎማውም ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ቦታ መቀመጥን ስለሚፈልግ፣ የአባቷ የሥራ ውል የሚያልቅበት ወር ከትምህርት ቤቱ ጥራት እኩል ይመዝናል።

የልደት ዘመኑም ይታሰብበት። የታናሹ ትራንስክሪፕት ላይ የተወለደው በ2008 ይላል፤ ‹ዓ.ም.› የምትለዋን ያላስተዋለ የናይሮቢ ሬጅስትራር ሕፃኑን ጎረምሳ አድርጎ ሊመዘግበው ነው። ሰነዱ ሲተረጎም ዘመኑም አብሮ መተርጎም አለበት።

ስለ ትልቅነቱ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ትልቅ ትምህርት ቤት ብዙ ዓይነት ትምህርት በከፍተኛ ደረጃ ለማስተማር፣ የዩኒቨርሲቲ አማካሪ ለመቅጠርና ልዩ ድጋፍ ለሚፈልግ ልጅ ባለሙያ ለማቆም አቅም አለው። በአንጻሩ ልጆችም መምህራንም በየዓመቱ የሚፈራረቁበት ቦታ ነው፤ በትልቁ ግቢ ውስጥ የአንድ ልጅ ዝምታ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሩት ዩሲም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በህንድ የሚኖሩ አሜሪካውያንን አጥንተው ‹የሦስተኛ ባህል ልጆች› የሚል ስያሜ ያወጡት፣ ከወላጆቻቸው ባህልም ከሚኖሩበት አገር ባህልም ሙሉ በሙሉ ያልሆኑትን እንዲህ ያሉ ልጆች ለመግለጽ ነው። እኔ ብሆን ስለ መዋኛ ገንዳው ከመጠየቄ በፊት፣ በዓመቱ አጋማሽ የመጣን ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ማን እንደሚቀበለውና አምና ስንት መምህራን እንደለቀቁ እጠይቃለሁ። ቤተሰቡ ወደ አገር ቢመለስ ደግሞ የውጭው ሰርተፊኬት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት እንዲሠራለት ስለሚያስፈልግ፣ የየዓመቱ የውጤት ወረቀት በማኅተም ተይዞ መቀመጥ አለበት።

ከጥያቄዎቻችን ሁሉ የመጨረሻው የአማርኛው ነበር። «እዚያ ሄጄ አማርኛዬን ልርሳ ወይ?» ያለችው ታላቂቱ ናት፤ አባቷ ግን መልስ አልነበረውም። አይ.ቢ. ተማሪው የራሱ ቋንቋ መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት፣ በትምህርት ቤቱ ክትትል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሥነ ጽሑፍን በግሉ አጥንቶ ከስድስቱ ትምህርቶች እንደ አንዱ እንዲፈተን የሚያስችል መንገድ አለው። «ለአማርኛ ይህን ታደርጋላችሁ?» ብለን ጻፍን። መልሱ በሳምንቱ መጣ፦ የአማርኛ መምህር የላቸውም፤ ክፍልና ሰዓት ይመድባሉ፣ የሚከታተል ሰውም ያቆማሉ፤ የሚያስጠናትን ሰው ግን ቤተሰቡ ይፈልግ። ባልደረባዬ ቤት ከመከራየቱ በፊት አሁን በየሰው በየሰው የሚያጠያይቀው፣ ናይሮቢ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ከልጁ ጋር ተቀምጦ የአማርኛ ልብ ወለድና ግጥም የሚያነብ ሰው ነው።